የሮም በሮች፦ ለሚገባና ለሚወጣ ተጓዥ

ሮም ለመሄድ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ሁሉ ቪዛው ላይ ነው። ቪዛው ሲመታለት ትኬቱን ይቆርጣል፣ ሻንጣውን ያሰናዳል፤ የቀረውን «እዚያው ስደርስ ጠይቄ እሄዳለሁ» ብሎ ይተወዋል። ይህ ማብራሪያ ለዚያ ለተተወው ክፍል የተጻፈ ነው፤ አውሮፕላኑ መሬት ከነካበት ደቂቃ አንስቶ የማደሪያው በር እስኪንኳኳ፣ ኋላም ከማደሪያው ተወጥቶ የመመለሻው ወንበር ላይ ቀበቶ እስኪታሰር ድረስ ላለው መንገድ።

ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር ሮም አንድ በር ብቻ እንደሌላት ነው። ከበሮቿ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ደግሞ የምታድሩበት ሰፈር እንጂ የባቡሩ ዝና አይደለም። ስለዚህ የማደሪያችሁን አድራሻ አውጡና አጠገባችሁ አስቀምጡት፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከእሱ ጋር እየተመሳከረ የሚነበብ ነው።

ባሕሩ፣ ወንዙና አሮጌው ወደብ

ሮም የሜዲትራኒያን ከተማ ትባል እንጂ ባሕር ዳር አልተቀመጠችም። ከባሕሩ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብላ፣ በቲቤር ወንዝ ዳርና ዳር ነው የተቆረቆረችው። በጥንት ዘመን የግብፅን ስንዴ የጫኑ ትልልቅ መርከቦች እስከ ከተማዋ መዝለቅ ስለማይችሉ፣ ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ በአንደኛው መቶ ዓመት ከወንዙ አፍ አጠገብ ፖርቱስ የተባለ ወደብ አሠራ። በኋላ ንጉሠ ነገሥት ትራያኖስ ስድስት ማዕዘን ያለው ገንዳ ጨመረበት። ወንዙ ደለል እያመጣ ባሕሩን ወደ ኋላ ስለገፋው ያ ወደብ ዛሬ በየብስ ተከቦ ቀርቷል፤ ገንዳው ግን አሁንም ውኃ እንደያዘ ነው። ዋናው ኤርፖርት ከዚሁ አጠገብ ስለተሠራ፣ ሰማዩ ጥርት ካለና ወንበራችሁ በዚያ በኩል ከሆነ፣ ልታርፉ ስትሉ ስድስት ጎን ያለው ሐይቅ ከታች ይታያችኋል። የሮም የመጀመሪያ በሯ ያ ነበር።

የእኛም ሰዎች በዚህ ባሕር የመጡት ዛሬ አይደለም። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች በግብፅና በኢየሩሳሌም አልፈው፣ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረው ሮም ይገቡ ነበር። ማረፊያቸው ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ እስካሁንም ስሙ ከሐበሾች ጋር ተያይዞ ይጠራል። በግዕዝ የታተመው የመጀመሪያው ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና 1549 (እ.ኤ.አ.) ከማተሚያ ቤት የወጣው በዚያ ይኖር በነበረው በአባ ተስፋ ጽዮን ትጋት ነው። እነዚያ አባቶች ወራት የፈጀባቸውን መንገድ ዛሬ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨርሰዋል።

ፊዩሚቺኖ፦ ከአውሮፕላኑ እስከ መውጫው

ሮም ሁለት ኤርፖርት አላት። ትልቁ በሌዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስም የሚጠራው ፊዩሚቺኖ ሲሆን ከመሀል ከተማ በስተደቡብ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ትንሹ ቻምፒኖ ነው፤ ከከተማዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ይገኛል፤ ከሌላ የአውሮፓ ከተማ በርካሽ አየር መንገድ የሚመጣ ሰው ሊያርፍበት ይችላል። ከአዲስ አበባ የሚነሳው የሚያርፈው ፊዩሚቺኖ ነው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ የሼንገንን ድንበር የሚሻገረው እዚህ ነው። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአውሮፓ አገሮች የመግቢያና የመውጫ ማኅተሙን በኤሌክትሮኒክ መዝገብ መተካት ጀምረዋል፤ ፎቶ ይነሳል፣ እንደ ሁኔታውም አሻራ ይወሰዳል። ሰልፉ ሊረዝም ስለሚችል ከማረፊያው ሰዓት በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ሳትተዉ የባቡር ወይም የአውቶቡስ ቀጠሮ አትያዙ። መኮንኑ የት እንደምታድሩ፣ መቼ እንደምትመለሱ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደያዛችሁና የጉዞ መድን እንዳላችሁ ሊጠይቅ ይችላል። የሆቴሉ ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ትኬቱና የመድኑ ወረቀት በእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁኑ። ብዙ ሰው እነዚህን ወረቀቶች በጥንቃቄ አጥፎ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሻንጣው ደግሞ የሚገኘው ድንበሩን ካለፉ በኋላ ነው።

ስለ ሻንጣ ካነሳን አይቀር፦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት አይፈቀድለትም። ለዘመድ የተላከ የተነጠረ ቅቤ፣ ቋንጣና አይብ በዚህ ክልከላ ውስጥ ናቸው። በርበሬና ሽሮ ግን ሥጋም ወተትም የለባቸውምና በዚህ ሕግ አይያዙም። እናት የነጠረችው ቅቤ በጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ሲወሰድ ማየት ያሳዝናል፤ ሕጉን የሚያውቅ ልጅ አስቀድሞ ቢነግራት ይሻላል። ከ10,000 ዩሮ ጀምሮ ያለ ጥሬ ገንዘብም ይመዘገባል።

ሁለቱ ባቡሮች

ባቡር ጣቢያው ከኤርፖርቱ ጋር በድልድይ የተያያዘ ስለሆነ የባቡር ምልክቱን እየተከተላችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ከዚያ ሁለት ዓይነት ባቡር ይነሳል። አብዛኛው መንገደኛ ግን አንዱን ብቻ ያውቃል።

የታወቀው ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ ነው። የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ የከተማዋ ትልቁ ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያደርሳል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ማደሪያው ተርሚኒ አካባቢ ለሆነ፣ ወይም ከተርሚኒ ወደ ፍሎረንስና ወደ ናፖሊ ለሚቀጥል ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

ሁለተኛው ኤፍ ኤል 1 የሚባለው የክልል ባቡር ነው፤ ዋጋው 8 ዩሮ ነው። ይህ ባቡር ተርሚኒ አይገባም። ከተማዋን በደቡብና በምሥራቅ ዞሮ ትራስቴቬሬ፣ ኦስቲየንሴ፣ ቱስኮላናና ቲቡርቲና ላይ ይቆማል። ኤርፖርት ያለው ሰሌዳ ላይ «ሮም» የሚል ስም አይታይበትም፤ የሚጻፈው የመጨረሻ መድረሻው ስለሆነ ኦርቴ ወይም ፋራ ሳቢና የሚል ታነባላችሁ። ሰሌዳውን አይቶ «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ የሚያሳልፈው ሰው ብዙ ነው። ባቡሩ ግን የሮም ነው፤ ለብዙ ሰፈርም ከታወቀው ባቡር ይልቅ ይቀርባል።

አድራሻችሁን አሁን አውጡት። ትራስቴቬሬ የምታድሩ ከሆነ ኤፍ ኤል 1 በግማሽ ሰዓት ገደማ ትራስቴቬሬ ጣቢያ ያወርዳችኋል፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት 8 ቁጥር ትራም ሰፈሩን ሰንጥቆ ወደ መሀል ከተማ ይሄዳል። ቫቲካን አካባቢ ከሆነም እዚያው ትራስቴቬሬ ላይ ወርዳችሁ ወደ ሳን ፒየትሮ ጣቢያ የሚሄድ ባቡር ትቀይራላችሁ፤ ቀጣዩ መንገድ የደቂቃዎች ነው። ኦስቲየንሴ ላይ የወረደ ሰው በእግሩ ወደ ፒራሚዴ ሜትሮ ጣቢያ ተሻግሮ በቢ መስመር ኮሎሲየም ይደርሳል። ቱስኮላና ለኤ መስመር ሜትሮ ቅርብ ነው፤ ቲቡርቲና ደግሞ ራሷ በቢ መስመር ላይ ናት። ተርሚኒ ወርዶ ከዚያ ወደ ትራስቴቬሬ የሚመለስ መንገደኛ ስድስት ዩሮ ጨምሮ ከፍሎ፣ ሻንጣውን በሜትሮ ደረጃ ላይ እየጎተተ ያለፈበትን መንገድ መልሶ ይሄዳል። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ይህ ድካም ብቻ እንኳ ቢቀርለት ልፋቴ ተክሷል።

የክልል ባቡር የወረቀት ትኬት ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ላይ በተሰቀለው ትንሽ ማሽን መመታት አለበት። ትኬቱን ማሽኑ አፍ ውስጥ ሰካ ስታደርጉት ቀኑንና ሰዓቱን ያትምበታል። ገንዘቡን ከፍሎ ሳያስመታ የተሳፈረ ሰው፣ ተቆጣጣሪ ከመጣ ቅጣት ይከፍላል፤ «አላወቅሁም» ማለት ብዙም አይረዳም። በስልክ የተገዛ ትኬት የራሱ አሠራር አለው፤ ከመሳፈር በፊት በስልኩ ላይ ቼክ ኢን ይደረጋል።

አውቶቡስና ታክሲ

ከፊዩሚቺኖ ወደ ተርሚኒ የሚሄዱ የተለያዩ ኩባንያዎች አውቶቡሶች አሉ፤ ዋጋቸው ከሌዮናርዶ ኤክስፕረስ ግማሽ ገደማ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳሉ፣ መንገዱ ሲዘጋጋ ደግሞ ከዚያም በላይ። ባቡር በሌለበት ሌሊት ግን ያላቸው ጥቅም ትልቅ ነው። ከቻምፒኖ ለሚመጣ መንገደኛም ቀላሉ ነገር ወደ ተርሚኒ የሚሄደው አውቶቡስ ነው፤ ባቡር ጣቢያው ከቻምፒኖ ኤርፖርት ጋር ስላልተያያዘ ባቡር የፈለገ ሰው በመጀመሪያ በአውቶቡስ እስከ ጣቢያው መሄድ አለበት።

የሮም ሕጋዊ ታክሲ ነጭ ነው፤ ጣሪያው ላይ ምልክት፣ በሩ ላይ የከተማው አስተዳደር ዓርማና ቁጥር አለው። ከኤርፖርት እስከ መሀል ከተማ የተወሰነ ታሪፍ አለ፤ ከፊዩሚቺኖ ሲሆን ከ50 ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል። ታሪፉ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመኪናው ነው፤ ሻንጣም በውስጡ ተቆጥሯል። «መሀል ከተማ» የሚለውም ልክ አለው፦ ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያኖስ በሦስተኛው መቶ ዓመት ባሠራው ቅጥር ውስጥ ያለው ሁሉ ማለት ነው። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ግንብ ዛሬም የታክሲ ሒሳብ ይወስናል። ማደሪያችሁ ከቅጥሩ ውጭ ከሆነ በቆጣሪ ትሄዳላችሁ፤ ስለዚህ ከመሳፈራችሁ በፊት አድራሻውን ለሾፌሩ አሳይታችሁ ታሪፉ የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ።

አንድ ሰው ከሆናችሁ ባቡሩ ይረክሳል። አራት አዋቂ ሆናችሁ ሻንጣ ይዛችሁ ከመጣችሁ ግን አስሉት፦ አራት ጊዜ 14 ዩሮ 56 ዩሮ ነው። ለአራት ሰው የሚሸጥ የቡድን ቅናሽ ቢኖርም እንኳ፣ ከተርሚኒ እስከ ማደሪያ ያለው መንገድ ሲጨመር ታክሲው በር ድረስ ያደርሳችኋል። እንዲህ ላለ ቤተሰብ ታክሲ ቅንጦት አይደለም። ከመውጫው በር አጠገብ ቆመው «ታክሲ፣ ታክሲ» እያሉ ሻንጣ የሚይዙ ሰዎችን ግን ምንም ሳትነጋገሩ እለፏቸው፤ ሕጋዊ ታክሲ ሰልፉ ላይ ይጠብቃል እንጂ መንገደኛ አያሳድድም።

ተርሚኒ

ተርሚኒ የሮም ትልቁ ባቡር ጣቢያ ነው። የዛሬው ሕንፃ የተመረቀው በ1950 (እ.ኤ.አ.) ነው። የሜትሮው ኤ እና ቢ መስመሮች የሚገናኙት ከሥሩ ነው፤ የከተማው አውቶቡሶችም ከፊቱ ካለው አደባባይ ይነሳሉ። የሜትሮና የአውቶቡስ ትኬት 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነው፤ ለ100 ደቂቃ ይሠራል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሜትሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያስገባል። የባንክ ካርድ ያለው ሰው ትኬት ሳይገዛ ካርዱን በሜትሮው በር ማሽን ላይ አስነክቶ ማለፍ ይችላል።

ያ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸው ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ርቆ በዛፎች መካከል ቆሟል። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ሲይዙ ከለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው አምጥተው ያቆሙት እዚህ ሐውልት ሥር ነበር፤ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ጣቢያ መሆኑ ነው። ኤርትራዊው ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን ባየ ጊዜ በኢጣሊያውያን ላይ ሰይፉን የመዘዘው በዚህ ቦታ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ነፃ ሳይወጣ በ1945 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ኢጣሊያ አረፈ። አንበሳው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወደ ለገሃር ተመለሰ። ባቡር እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት የተረፈው ኢትዮጵያዊ ጊዜውን ከሱቅ መስኮት ይልቅ በዚህ ሐውልት ፊት ቢያሳልፈው እወዳለሁ።

በጣቢያው ዙሪያ ባሉት መንገዶች የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ስላሉ አማርኛም ትግርኛም የሚናገር ሰው ማግኘት አይቸግርም። ችግር የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። ተርሚኒ የኪስ አውላቂዎች መዋያ ነው፤ በተለይ ሜትሮው በር ላይ ግፊያ ሲኖርና ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ። ትኬት መሸጫው ማሽን አጠገብ ቆሞ «ልርዳዎት» የሚል ሰው ዩኒፎርም ከሌለው የጣቢያው ሠራተኛ አይደለም። ፓስፖርት በውስጥ ኪስ፣ ስልክ በእጅ ሳይሆን በቦርሳ፣ ቦርሳም ከፊት ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ለሚመለስ ሰው፦ ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚነሳው ከ23 ወይም ከ24 ቁጥር መስመር ነው፤ ይህ ከጣቢያው በአንደኛው ዳር ነው። ከሜትሮው ወጥቶ እዚያ ለመድረስ ሻንጣ ለያዘ ሰው አሥር ደቂቃ ቢያዝ አይበዛም። መስመሮቹ ጋ ለመግባትም በሩ ላይ ትኬት ይታያል።

ከሌላ ከተማ በባቡር ወይም በአውቶቡስ

ከጀርመን፣ ከስዊዘርላንድ ወይም ከሰሜን ኢጣሊያ የሚመጡ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በሚላኖ በኩል ያልፋሉ። ከሚላኖ እስከ ሮም ፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከፍሎረንስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከናፖሊ ከአንድ ሰዓት ብዙም የማያልፍ ነው። ፈጣን ባቡር የሚያሽከረክሩት ሁለት ተፎካካሪዎች ናቸው፤ የመንግሥቱ ፍሬቻሮሳና ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የግሉ ኢታሎ። የአንዱ ትኬት ሌላው ላይ አይሠራም። ዋጋቸው እንደ አውሮፕላን ትኬት ነው፦ ቀደም ብሎ የቆረጠ በርካሽ ይሄዳል፣ በዕለቱ የመጣ እጥፍ ይከፍላል። የክልል ባቡር ግን ዛሬም ነገም ዋጋው አንድ ነው። ከቪየናና ከሙኒክ ደግሞ ተኝተው የሚያድሩበት የሌሊት ባቡር ሮም ይገባል።

ከፈጣኖቹ ባቡሮች አንዳንዶቹ ተርሚኒ ሳይገቡ ቲቡርቲና ብቻ ቆመው ያልፋሉ። የረጅም መንገድ አውቶቡሶች መናኸሪያም ቲቡርቲና ነው። ትኬቱ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ካላያችሁ፣ ባቡሩ በአንዱ ጣቢያ ሲያልፍ እናንተ በሌላው ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።

በመርከብ፦ ቺቪታቬኪያ

የፖርቱስ ገንዳ በየብስ ሲከበብ የሮም ወደብነት የተረፈው ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ላለው ለቺቪታቬኪያ ነው፤ እሱንም ያሠራው ያው ትራያኖስ ነው። ዛሬ ወደ ሰርዴኛ፣ ወደ ሲሲሊያ፣ ወደ ባርሴሎናና ወደ ቱኒስ የሚሄዱ መርከቦች ከዚህ ይነሳሉ፤ የሽርሽር መርከቦችም «ሮም ደርሳችኋል» ብለው መንገደኛውን የሚያወርዱት እዚህ ነው። ሮም ግን ገና የአንድ ሰዓት ባቡር ይቀራታል። ባቡሩ በሳን ፒየትሮና በትራስቴቬሬ አልፎ ተርሚኒ ስለሚገባ ቫቲካንን ብቻ ለማየት የመጣ ሰው ሳን ፒየትሮ ላይ ይውረድ። ወደ መርከቡ የሚመለስ ደግሞ ከተርሚኒ የሚነሳው የቺቪታቬኪያ ባቡር ብዙውን ጊዜ ከ25 ቁጥር በላይ ካሉት መስመሮች መሆኑን ይወቅ፤ እነዚያ ከዋናው አዳራሽ ርቀው ነው ያሉት። የሽርሽር መርከብ ለዘገየ ሰው አይቆምምና ከአንድ ባቡር ቀደም ያለውን መያዝ ያስፈልጋል።

ሰዓቱና ቀኑ

አሁን ወደ መመለሻው እንምጣ። እኛ ኢትዮጵያውያን ከሌላው መንገደኛ ይልቅ የምንሰናከልበት ቦታ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት በ24 ቁጥር የተጻፈ ሲሆን የሚነግራችሁም የመነሻውን አገር ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ዘዴው ይህ ነው። ቁጥሩ ከ7 እስከ 18 ከሆነ ስድስት ቀንሱ፤ 14:30 ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከ19 ጀምሮ ከሆነ አሥራ ስምንት ቀንሱ፤ 21:00 ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከ0 እስከ 6 ከሆነ ስድስት ደምሩ፤ 5:00 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። በሮምና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ነው፤ እነሱ በማርች መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደፊት፣ በኦክቶበር መጨረሻ ወደ ኋላ ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም።

ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስተው ቀኑ ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለእነሱ እኩለ ሌሊት ላይ። በረራችሁ «ጁን 6፣ 00:25» የሚል ከሆነ፣ እኛ «የ5 ለ6 አጥቢያ» የምንለው ሌሊት ነው። ኤርፖርት መገኘት ያለባችሁ በጁን 5 ምሽት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ነው። በጁን 6 ምሽት ሻንጣ ይዞ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን አልፎታል። ከእኩለ ሌሊት ወዲህና ወዲያ የሚነሳ በረራ ላለው መንገደኛ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ትኬቱን ስትቆርጡ ጊዜውን በአማርኛ ጻፉት፦ «ዓርብ ማታ ከቤት እወጣለሁ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ እበራለሁ» ብላችሁ።

ቪዛችሁም የሚቆጠረው በእነሱ ቀን ነው። ቪዛው የሚያበቃው ጁን 5 ከሆነና በረራችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ፣ ድንበሩን በየትኛው ቀን እንዳለፋችሁ የሚመሰክረው ኤሌክትሮኒክ መዝገቡ ነው። በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን የሚለውንም ስትቆጥሩ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ቀን ሁለቱም ይቆጠራሉ። የመጨረሻውን ቀን አሟጦ መጠቀም አያስፈልግም፤ አንድ ሁለት ቀን ተርፎ ይቅር።

የሥራ ማቆም አድማ ያለበት ዕለት

ኢጣሊያ ውስጥ የትራንስፖርት ሠራተኞች አድማ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ብዙውን ጊዜም ዓርብ ቀን ነው። ቃሉ «ሾፔሮ» ነው፤ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ወይም ጣቢያው ሰሌዳ ላይ ካያችሁት ቆም ብላችሁ አንብቡ። አድማው በድንገት አይደረግም፤ ሕጉ አስቀድሞ እንዲነገር ያስገድዳል። በአድማው ቀን እንኳ በሥራ ቀናት የክልል ባቡሮች ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት እና ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት መሥራት አለባቸው። የሮም ሜትሮና አውቶቡስ ደግሞ ጠዋት ሥራ ከጀመሩበት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታም ከ11 እስከ 2 ሰዓት ይሠራሉ። ቀን የሚነሳ በረራ ያለው ሰው በእነዚያ የጠዋት ሰዓታት ኤርፖርት ገብቶ እዚያው ቢጠብቅ ይሻለዋል። ከአድማ ሌላም፣ ልደታቸው በሚውልበት በዲሴምበር 25 የከተማው ትራንስፖርት ስለሚቀንስ፣ በዚያ ቀን የሚበር ሰው ታክሲ አስቀድሞ ይያዝ።

መመለሻው ቀን

ወደ አዲስ አበባ ለሚበር መንገደኛ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ደንብ ነው። ዕቃ ገዝታችሁ ቀረጡ እንዲመለስላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው ከ70 ዩሮ በላይ የሆነ ዕቃ ከአንድ ሱቅ ከገዛ፣ ሱቁ ሰነድ ይሰጠዋል፤ ሰነዱ ኤርፖርት ላይ ይረጋገጣል። ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ ዕቃው በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ሻንጣውን ከማስረከባችሁ በፊት ነው ሰነዱ የሚረጋገጠው፤ ሠራተኞቹ ዕቃውን ማየት ሊፈልጉ ይችላሉና። ሻንጣው ከሄደ በኋላ ሰነድ ይዞ የመጣ ሰው ገንዘቡን ትቶ ይሄዳል። ልብሱ ላይ ያለው የዋጋ ወረቀትም አይበጠስ፣ ዕቃውም ጥቅም ላይ አይዋል።

ኪሎ አስቀድማችሁ መዝኑ። ለቤተሰብ የተገዛው ጫማና ልብስ ብዙ ጊዜ ከተፈቀደው በላይ ስለሚሆን፣ ቼክ ኢን ጠረጴዛው ፊት ወለል ላይ ሻንጣ ከፍቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዘዋወር የተለመደ ነገር ሆኗል። ማደሪያው ውስጥ ሚዛን ከሌለ ሃያ ዩሮ የማትሞላ የእጅ ሚዛን ገዝቶ መያዝ ይቻላል።

ከተርሚናል 3 ተነስታችሁ ፍተሻውንና የፓስፖርት ቁጥጥሩን ካለፋችሁ በኋላ ወደ ኢ በሮች ትሄዳላችሁ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ሌላ ሕንፃ ላይ ስለሆኑ በኤርፖርቱ ውስጥ የምትሄድ ትንሽ ባቡር መሳፈር ያስፈልጋል። ሱቆቹና ምግብ ቤቶቹ ያሉት ከዚያ በፊት ባለው ትልቅ አዳራሽ ነው፤ የምትገዙት ካለ እዚያው ጨርሱና በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት ቦርዲንግ ፓሱ ላይ አይታችሁ ተሻገሩ። በሩ የሚዘጋው ከመነሻው ሰዓት 15 ወይም 20 ደቂቃ ቀድሞ ነው።